የሞተር ብስክሌት የኋላ ሞዞ እንክብካቤ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጅማና ዙሪያዋ በጭቃም በአቧራም ለሚነዱ፣ በተለይ የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ጎድጓዳ ብረት) ለሆኑ አነስተኛ ሞተሮች የተጻፈ ነው።

ሞዞ የሚባለው የቱ ነው? ውስጡስ ምን አለ?

ሞዞ የጎማው እምብርት ነው። የቸርኬው ሽቦዎች ተሰብስበው የሚታሰሩበት፣ መሃሉን ፔርኖ የሚያልፍበት ወፍራም አሉሚኒየም ነው። ፔርኖውን አንዳንዱ አክስል ይለዋል። ፔርኖው አይዞርም፤ ከኋላ ሹካው ጋር ታስሮ ይቆማል። የሚዞረው ሞዞው ነው። በሁለቱ መካከል ሆኖ መዞሩን የሚያቀለው ኩሽኔታ ነው፤ የውስጥና የውጭ ቀለበት፣ በመካከላቸው ኳሶች ያሉት።

የፊቱ ሞዞ ክብደት ይሸከማል፣ ያቆማል፣ አለቀ። የኋላው ሥራው ይበዛል። በአንድ ጎኑ ስፕሮኬት የሚባለውን ጥርሳም ክብ ብረት ይዞ በካቴና ይጎተታል። በሌላው ጎኑ ታምቡርና የፍሬን ሸራ አቅፎ ያቆማል። በዚህ ላይ ነጂውን፣ ከኋላ የተቀመጠውን ሰውና ጭነቱን ይሸከማል። ለዚህ ነው ውስጡ ብዙ ዕቃ ያለው። በብዙ ሞተሮች ሞዞው ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ። ስፕሮኬቱ የታሰረበት ሰሃን ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ይኖራል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ስፔሰር የሚባል የብረት ቱቦ ይገባል። የካቴናውን ድንገተኛ ጉተታ የሚውጡ ላስቲኮች አሉ። ጭቃና ውሃ የሚከለክል ፓራሊዮም አለ። ስፔሰሩን በተለይ ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መበላሸቱን ሳልፈታው በምን አውቃለሁ?

ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙት፣ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳ። ጎማውን አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት፣ ሳቡት። ከዚያ ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ ድገሙት። ደህና ኩሽኔታ ምንም አይንቀሳቀስም። ትንሽ እንኳ «ቀጭ ቀጭ» ካለ አልቋል ወይም እያለቀ ነው። ቀጥሎ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩና ሌላውን እጅ የኋላ ሹካው ላይ፣ ፔርኖው አጠገብ አሳርፉ። አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ንዝረት ከተሰማችሁ ውስጡ ውሃ ወይም ዝገት ገብቶበታል። የካቴናው ድምፅ እንዳያሳስታችሁ ለዚህ ፍተሻ ካቴናውን ብታወልቁት ይሻላል።

መንገድ ላይ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ይሰማል። ኩርባ ላይ ሞተሩ ከኋላ የሚዋኝ ይመስላል። ካቴናው ሳይረግብ ይንኳኳል። ፍሬኑ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጎማ ወይም ካቴና ቀይሮ ገንዘቡን ያባክናል። መጀመሪያ ሞዞውን ፈትሹ።

በየስንት ኪሎ ሜትሩ ነው ማስከፈት ያለብኝ?

የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ በኪሎ ሜትር ይነግራችኋል፣ እሱን አክብሩ። ግን ጅማ ውስጥ ሞዞን የሚገድለው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ውሃ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡም ሐምሌና ነሐሴን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይመላለሳል። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የሚውል ሞተርና ከሰቃ ጨቆርሳ አስፋልት ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሞተር እኩል ኪሎ ሜትር ቢሄዱም ሞዟቸው እኩል አያረጅም።

እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ እከፍታለሁ። አንዱ ግንቦት ላይ ነው፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ። ሁለተኛው ጥቅምት ላይ ነው፣ ጭቃው ሲደርቅና የቡና ለቀማው ሲጀምር። ያኔ ጭነት ስለሚበዛ ሞዞው ለዚያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ከዚህ ሌላ አንድ ነፃ ዕድል አለ። ጎማችሁ በተነፈሰ ቁጥር ጎሚስታው ጎማውን ያወልቀዋል። የሥራው ግማሽ ያኔ ተጠናቋል። ከመነዳሪው እስኪለጠፍ ጣታችሁን ኩሽኔታው ውስጥ አስገብታችሁ አዙሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ።

ላቫጆ ላይ ማሳጠብ ሞዞውን ይጎዳል?

ማሳጠቡ አይጎዳም። የሚጎዳው የውሃው ግፊት በቀጥታ ፔርኖው አካባቢ ሲለቀቅ ነው። ፓራሊዮ የተሠራው ከውጭ የሚረጭ ውሃና ጭቃን ለመከላከል ነው፤ በመኪና ማጠቢያ ፓምፕ የሚገፋን ውሃ አይችልም። ውሃው አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። ከግሪሱ ጋር ተደባልቆ እንደ ወተት ይነጣል፣ ከዚያ ብረቱን ያዝገዋል። ለአጣቢው ልጅ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «ወንድሜ፣ መሃሉን በጨርቅ፣ ሌላውን በፈለግከው።» ሁሉም ይረዳል።

አዌቱም ሆነ ሌላ ወንዝ ውስጥ ሞተር ገትሮ ማጠብ ግን ይቅር። ወንዙም በዘይት ይበከላል፣ የሞቀ ሞዞም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ በዚያው ውሃ ይስባል። ጅረት አቋርጣችሁ የምትሄዱ ከሆነም ይኸው ነው። ሞዞው በፍሬን ሙቀት የጋለ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቁሙ።

ራሴ መፍታት እችላለሁ ወይስ መካኒክ ጋ ልውሰደው?

ጎማውን ማውለቅ፣ ማጽዳት፣ መፈተሽና መልሶ መግጠም ማንም ጥንቁቅ ሰው ይችለዋል። ኩሽኔታ አውጥቶ ማስገባት ግን መጀመሪያ ሲሠራ አይታችሁ ብትሞክሩት ይመረጣል። ለማውለቁ ለፔርኖው ዳዶ የሚሆን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ጨርቅና ግሪስ ይበቃል። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ፣ አዲስ ኮፒሊያም ቀድማችሁ ግዙ። ዋጋው ኢምንት ነው፣ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ ግን አደጋ ነው።

ጎማውን በምን ቅደም ተከተል ልፍታ?

መጀመሪያ የፍሬኑን ዘንግ ከክንዱ አላቁ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፒንና ስፕሪንጉ በቀላሉ ይጠፋሉ፤ ወዲያው ዘንጉ ላይ መልሷቸው። ቀጥሎ ሸራዎቹን የያዘውን የፍሬኑን ሰሃን ከሹካው ጋር የሚያስረውን ሌላ ዘንግ ፍቱ። ከዚያ የፔርኖውን ኮፒሊያና ዳዶ አውጡ፣ የካቴና ማጥበቂያዎቹን አላሉ፣ ጎማውን ወደ ፊት ገፍታችሁ ካቴናውን ከስፕሮኬቱ አንሱ። በመጨረሻ ፔርኖውን በአንድ እጅ እየሳባችሁ ጎማውን በሌላው ደግፉት። በአንዳንድ ሞዴሎች ስፕሮኬቱ ካቴናውን እንደያዘ ሹካው ላይ ይቀራል፣ ጎማው ብቻ ይወጣል። ያ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ካቴናውን መንካት አያስፈልግም።

ፔርኖው ሲወጣ ከግራም ከቀኝም አጫጭር ቀለበቶች ይወድቃሉ። የግራው ከቀኙ ይለያል። መሬት ላይ ንጹህ ማዳበሪያ አንጥፉና ዕቃዎቹን በወጡበት ተራ ደርድሩ። በስልካችሁም ፎቶ አንሱ። ዝናብ ድንገት ቢመጣና ሁሉን ሰብስባችሁ ብትሮጡ ፎቶው ያድናችኋል። ይህ የጅማ ሰው ምክር ነው።

ኩሽኔታው ደህና ይሁን ያረጀ በእጄ እንዴት እለያለሁ?

ንጹህ ጣት የውስጠኛው ቀለበት ውስጥ አስገብታችሁ በዝግታ አዙሩት። ደህናው እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ድምፅ የለውም። የሚቆረቁር፣ እየያዘ የሚለቅ፣ ወይም በጣም ቀሎ የሚሽከረከር ከሆነ ይቀየራል። በጣም መቅለሉ ሰውን ያሳስታል፤ «ኧረ እንዴት ያምራል» ይላሉ። ግሪሱ አልቆ ነው እንዲያ የሚፈተለከው። ቀጥሎ ቀለበቱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። በእጅ የሚሰማ ንቅናቄ ካለ ጊዜው አልፏል። ሽፋኑ ዳር ላይ ቡናማ ዝገት ወይም የነጣ ግሪስ ካያችሁም አትጠራጠሩ።

አንዱ ብቻ ቢበላሽስ? ሁለቱንም ቀይሩ። እኩል ኪሎ ሜትር ሄደዋል፣ እኩል ውሃ ጠጥተዋል። ለአንድ ኩሽኔታ ብሎ ሌላ ጊዜ ጎማ ማስፈታት ከዋጋው በላይ ያስወጣል። የስፕሮኬቱን ሰሃን ኩሽኔታ ሁሉም ይረሳዋል፤ እሱንም ፈትሹት። የካቴናው ጉተታ በሙሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሱቅ ስሄድ «የሞተር ኩሽኔታ» ብዬ ብጠይቅ ይበቃል? ቁጥሩስ ምን ማለት ነው?

አይበቃም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ 6302 የሚል ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 42፣ ውፍረቱ 13 ነው። 6202 ደግሞ ቀዳዳው ያው 15 ሆኖ የውጭው 35፣ ውፍረቱ 11 ነው። 6203 ብትሉ 17፣ 40 እና 12 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ቀዳዳውን ይናገራሉ፦ 00 ማለት 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ነው። ከ04 ጀምሮ በ5 እያባዛችሁ ትሄዳላችሁ። ይህ ልኬት በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ቢጠፋ የውሃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ዕቃ የሚሸጥበት ልታገኙት ትችላላችሁ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውም ፊደል ትርጉም አለው። «ዜድዜድ» ሁለቱም ጎኑ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፤ አቧራ ይከለክላል፣ ውሃን ግን በደንብ አይከለክልም። «2አርኤስ» ሁለቱም ጎኑ ላስቲክ ነው። ለእኛ አገር ጭቃ ያለ ማመንታት ላስቲኩን ምረጡ። «ሲ3» የሚል ካለው ደግሞ ውስጡ ያለው ክፍተት ከመደበኛው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። አሮጌው ላይ ካለ አዲሱም ላይ ይኑር።

ታዋቂ ስም የተጻፈበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ጽሑፉ በጥፍር ሲፈቀፈቅ የሚለቅ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከኩሽኔታው ጋር የማይገጥም፣ ከአዲስነቱ የሚንኳኳ ከሆነ መልሱት።

ግሪስ መጨመር ብቻ አይበቃም?

እንደ ኩሽኔታው ዓይነት ነው። ሽፋን የሌለውን በናፍጣ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ለተሽከርካሪ ጎማ በሚሆን ቁጥር 2 ሊትየም ግሪስ መሙላት ትችላላችሁ። የሚቆረቁረው ግን በግሪስ አይድንም። ግሪሱ ድምፁን ለሳምንት ይደብቅና ነገሩ መንገድ ላይ ይወጣል። ላስቲክ ሽፋን ያለው ከፋብሪካ ግሪሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ አትክፈቱት፣ ውስጡም ናፍጣ አታስገቡ።

ሦስት ቦታ ግን ሁልጊዜ ስስ ግሪስ ቀቡ። አንደኛው ፔርኖው ነው፤ ካልተቀባ በሁለት ክረምት ሞዞው ውስጥ ዝጎ ይጣበቃል። ሁለተኛው የፓራሊዮው ከንፈር ነው። ሦስተኛው ሸራውን የምትገፋው የፍሬን ካም ናት። ስስ ያልኩት በምክንያት ነው። የተረፈው ግሪስ ሲሞቅ ቀልጦ ታምቡሩ ላይ ይረጫል።

ኩሽኔታውን ሞዞውን ሳልጎዳ እንዴት ላውጣ፣ እንዴትስ ላስገባ?

ኩሽኔታው የሚገባው በጣም ጠብቆ ነው። ሞዞው አሉሚኒየም፣ ኩሽኔታው ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይሰፋል። ስለዚህ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት አሙቁት። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክራችሁ የኩሽኔታው መቀመጫ ዙሪያ ደጋግማችሁ አድርጉ። ሲያልቅ በደንብ አድርቁ። የብየዳ እሳት አታስጠጉ፤ ሞዞውንም ላስቲኮቹንም ያበላሻል።

ለማውጣት ቀጥ ያለ ዘንግ ከአንዱ ጎን አስገቡ። መሃል ያለውን ቱቦ፣ ስፔሰሩን፣ በትንሹ ወደ ጎን ገፋ አድርጉና የራቀውን ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ዳር ምቱ። አንድ ቦታ ብቻ አትምቱ። ተራ በተራ በአራቱም አቅጣጫ ምቱ፣ ቀጥ ብሎ ይውጣ። በዚህ መንገድ የወጣ ኩሽኔታ ውስጡ ተመትቷል፤ መልሳችሁ አትግጠሙት።

ሲገባ ደንቡ ይገለበጣል። የሚመታው የውጭው ቀለበት ብቻ ነው። ስፋቱ ከውጭው ቀለበት ጋር የሚመጣጠን የቡሴታ ቁልፍ ወይም አሮጌውን ኩሽኔታ እንደ መግፊያ ተጠቀሙ። የውስጡን ከመታችሁት ኳሶቹ መሄጃቸውን ይወቅሩታል፣ ገና ሳይነዳ ያልቃል። አዲሱን ኩሽኔታ ከነፕላስቲኩ ጥቂት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ብታቆዩት አገባቡ ይቀላል። መጀመሪያ አንዱን እስከ መጨረሻው አስገቡ። ሞዞውን ገልብጡ። ቱቦውን አስገቡ። ከዚያ ሁለተኛውን ቱቦውን እስኪነካ ብቻ ምቱና አቁሙ።

አዲስ ኩሽኔታ አስገጥሜ በወሩ ተበላሸ። ለምን?

ይህ በእኔም ደርሷል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። አንድ ክረምት ከዴዶ ወደ ጅማ ስመለስ የኋላው ጎማ መጮህ ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወስጄ ሁለቱንም ኩሽኔታ አስቀየርኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ጩኸት ተመለሰ። «ኩሽኔታው ፎርጅድ ነው» ተባልኩና ሌላ ገዛሁ። እሱም አልቆየም። በሦስተኛው ራሴ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ሞዞውን ሳየው መሃል ላይ ባዶ ነው። ቱቦው የለም! መጀመሪያ ሲፈታ ወጥቶ አንድ ቦታ ተረስቷል።

ያ ቱቦ ሥራው ይህ ነው። የፔርኖውን ዳዶ ስታጠብቁ ጉልበቱ ከጎን ካለችው አጭር ቀለበት ወደ ኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት፣ ከዚያ በቱቦው አልፎ ወደ ሌላኛው ኩሽኔታ ይሄዳል። ሁሉም አንድ ምሰሶ ሆኖ ይጨመቃል፣ ኳሶቹ ግን ነፃ ናቸው። ቱቦው ከሌለ ወይም ካጠረ ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች እርስ በርስ ይሳባሉ። ኳሶቹ በጎን ይጨመቃሉ፣ ይሞቃሉ፣ ያልቃሉ። ሁለተኛውን ኩሽኔታ ከልክ በላይ ስትመቱም ውጤቱ ያው ነው፤ በዚህ ጊዜ ቱቦው የውስጡን ቀለበት ይገፋል፣ የውጪው ግን አልፎ ሄዷል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዳዶው ሳይጠብቅ ጎማው በነፃ ይዞራል፣ ሲጠብቅ ይከብዳል? ካቴናውና ፍሬኑ ካልያዙት ችግሩ ቱቦው ጋ ነው። ጎማ ከመካኒክ ስትቀበሉ ይህን ፈተና እዚያው በፊቱ አድርጉት። መካኒኩን መጠራጠር ሳይሆን ሥራውን አብሮ ማየት ነው።

ማርሽ ስቀይር ወይም ነዳጅ ስሰጥ ከኋላ «ኳ» ይላል። ኩሽኔታ ነው?

ብዙ ጊዜ ላስቲኮቹ ናቸው። ሞዞው ውስጥ በክፍል በክፍል የተቀመጡት ላስቲኮች የሞተሩን ድንገተኛ ጉተታ ውጠው ወደ ጎማው ያስተላልፋሉ። ሲያረጁ ይደርቃሉ፣ ይሳሳሉ፣ ብረት ከብረት ይጋጫል። የኋላውን ፍሬን አስረግጣችሁ ስፕሮኬቱን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዙሩት። በሰፊው የሚወዛወዝ ከሆነ ላስቲኩ አልቋል። ወደ ጅሬን ዳገት ሰው ጭኖ የሚመላለስ ሞተር ላይ ቶሎ ያልቃሉ።

የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ መክተት የተለመደ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ለጥቂት ሳምንት ይሠራል። ግን ቁራጮቹ እኩል ስለማይሆኑ ስፕሮኬቱ ያዘምማል፣ በዚያ ኩሽኔታው ይጎዳል። ላስቲኩን እስክታገኙ ብቻ ይሁን። ላስቲኮቹን በግሪስም በቤንዚንም አትንኩ፤ ሳሙናና ውሃ ይበቃቸዋል።

ሞዞው ሲከፈት ፍሬኑ ላይ ምን ልመልከት?

የሸራውን ውፍረት። በብዙ ሞተሮች 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየራል። በአንዳንድ ሞተሮች የፍሬኑ ክንድ ላይ ያለች ትንሽ ቀስት ሳትፈቱም ትነግራችኋለች፤ ፍሬን ረግጣችሁ ቀስቷ ምልክቱን ካለፈች አልቋል። ታምቡሩ ውስጥም የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ስፋት ነው። ከዚያ ካለፈ አዲስ ሸራ ብታስገቡም ፍሬኑ አይይዝም። ሸራው ላይ ግሪስ ከደረሰ ይቀየር፤ በቤንዚን ማጠብ ላይ ላዩን ነው የሚያጸዳው፣ ሲሞቅ ከውስጥ ይመለሳል።

የፍሬኑን አቧራ በአፍም በኮምፕረሰርም አትንፉት፣ እባካችሁ። አንዳንድ ሸራ አስቤስቶስ አለበት። ወደ ሳንባ የገባ አስቤስቶስ አይወጣም፣ ካንሰርም ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ጣሉት። ይህን ከሁሉ በላይ ለጋራዥ ለማጅ ልጆች ንገሯቸው፤ ሲነፋ ከፊቱ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ስገጥም በፍጹም መርሳት የሌለብኝ ምንድን ነው?

የፍሬኑን ሰሃን ከሹካው ጋር የሚያስረው ዘንግ። ከፈታችሁት በኋላ ሳይታሰር ከቀረ ወይም ዳዶው ከወደቀ፣ ፍሬን በረገጣችሁበት ቅጽበት ሰሃኑ ከጎማው ጋር ይዞራል። ከመርገጫው የሚመጣውን የፍሬን ዘንግ ይጠመዝዛል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ ሞተሩ ይጥላችኋል። ጎሚስታ ጋ በጥድፊያ የተገጠመ ጎማ ሁሌ እዚህ ቦታ ይታይ። እሱና የፔርኖው ኮፒሊያ።

ካቴናው ከሞዞው ጋር ምን አገናኘው?

በጣም የተወጠረ ካቴና የስፕሮኬቱን ኩሽኔታ ቀንና ሌሊት ይጎትታል። የማርሽ ሳጥኑንም ጭምር። ለአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች መሃል ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ አለበት። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ለኩ። ጭነት ሲጫን ሹካው ይነሳና ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል። ስለዚህ ለሐሙስ ገበያ ጭነት የምታመላልሱ ከሆነ ካቴናውን ባዶ ሞተር ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ አትውጡ። የሁለቱ ጎን ማጥበቂያዎች እኩል ምልክት ላይ ይሁኑ፤ ካልሆነ ጎማው ያዘምማል። የስፕሮኬቱን ቡሎኖችም በዚያው አጥብቁ። መቆለፊያ ቆርቆሮ ካላቸው እሱን ቡሎኑ ላይ እጠፉት።

ኩሽኔታው አዲስ ነው፣ ግን መቀመጫው ውስጥ ይሽከረከራል። ምን ይሻላል?

ይህ ከባዱ ነው። ኩሽኔታ ተበላሽቶ ብዙ ሲነዳ የውጪው ቀለበት ሞዞውን ይፍቀውና ያሰፋዋል። ከዚያ በእጅ የሚገባ፣ በእጅ የሚወጣ ይሆናል። ብዙ ቦታ መቀመጫውን ቡሊኖ በሚባል ሹል ብረት ነጥብ በነጥብ ወግተው ያጠብቡታል። ያ ኩሽኔታውን በጥቂት ጫፎች ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ጫፎቹ በቶሎ ይላላሉ፣ ሞዞው ከበፊቱ ይብሳል። የቢራ ቆርቆሮ መጠቅለልም ያው ነው።

ክፍተቱ ዓይን የማያየው ያህል ትንሽ ከሆነ ኩሽኔታ ለማጣበቅ የተሠራ ማጣበቂያ አለ። ሁለቱን ወገን ከዘይት ፍጹም አጽድታችሁ ከቀባችሁት በደንብ ይይዛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። መቀመጫውን አስፍቶ ቀለበት ያስገባል፣ ቀለበቱን በኩሽኔታው ልክ ይቆርጣል። ሁለቱ መቀመጫዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን የሚጠነቀቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሞዞው ከተሰነጠቀ ግን አታስበይዱት። አዲስ ሞዞ ገዝታችሁ ሽቦውን አስለቅሙ።

ሁሉም ተቀይሯል፣ ጎማው አሁንም ይወዛወዛል።

የሽቦዎቹን ውጥረት በካቻቢቴ እጀታ እየመታችሁ አድምጡ። የላላው ድፍን ድምፅ አለው፣ የተወጠረው ይጠራል። ቸርኬው ተጣሞ ከሆነ ጎማውን ስታዞሩ ከሹካው ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የኋላ ሹካውን ራሱን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። ሹካው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦኮላ ሲያልቅ ልክ እንደ ሞዞ ኩሽኔታ ነው የሚሰማው። ፔርኖውንም መስታወት ላይ አንከባሉት፤ የተጣመመ ከሆነ ይዘላል።

መንገድ ላይ ቢጮህብኝ እስከ ከተማ መንዳት እችላለሁ?

ጉምጉምታ ብቻ ከሆነ፣ ጎማውም በእጅ ሲነቀነቅ ብዙ ካልተንቀሳቀሰ፣ ጭነትና ሰው አውርዳችሁ በዝግታ መድረስ ይቻላል። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ጎማውን ነቅንቁት። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሞዞው አስጠጉት፣ አትንኩት። ፍሬን ሳትይዙ የሚያቃጥል ከሆነ በቃ። ጎማው በግልጽ ከተንገዳገደ፣ የብረት መፍጨት ከተሰማ ወይም ፍሬኑ በራሱ መያዝ ከጀመረ አንድ ኪሎ ሜትርም አትሂዱ። ኩሽኔታው ሲፈርስ ስፕሮኬቱ ያዘምማል፣ ካቴናው ይወጣና ጎማውን ይቆልፋል። አይሱዙ አስቁሙና ሞተሩን ጭናችሁ ግቡ። ከሰርቦ ወይም ከአጋሮ ጅማ ድረስ የምትከፍሉት ገንዘብ ከአንድ ሞዞ ዋጋ ያንሳል።